የተበሳ ታንክ ሒሳቡ ስንት ነው?

ከጎንደር ተነስቶ በአምባጊዮርጊስ በኩል ዳባት የሚያደርሰው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። ከዳባት ደባርቅ ያለውም እንዲሁ። ጣጣው የሚጀምረው መኪናው ከአስፋልቱ ሲወርድ ነው። የቢራ ገብስ ሊገዛ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ ነጋዴም ሆነ ቱሪስት አሳፍሮ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የሚወጣ አስጎብኚ አንድ ድምፅ ያውቃሉ። ከመኪናው ሥር «ጓ» ይላል። ሾፌሩ መስተዋቱን ያያል። መኪናው ግን መሄዱን አያቆምም፤ ምንም የሆነ አይመስልም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የናፍጣ ሽታ መስኮቱን አልፎ ይገባል።

ታንኩ ተበስቷል። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። የገበያ ገጽ አንባቢ ግን ጉዳዩን በሒሳብ ቢያየው ይጠቀማል። የተበሳ ታንክ ዋጋው የሚወሰነው በቀዳዳው ስፋት ሳይሆን በመጀመሪያው ሰዓት በሚደረገው ውሳኔ ነውና። በትክክል የተያዘ ቀዳዳ በጥቂት ወጪ ይዘጋል። ተሸፋፍኖ የታለፈ ቀዳዳ ደግሞ ሞተር ያስወርዳል፣ መኪና ያቃጥላል፣ አንዳንዴም የሰው ሕይወት ይቀጥፋል።

የጠብታ ሒሳብ

ከትንሹ እንነሳ። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ታንክ አለ እንበል። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 4 ሊትር ከ320 ሚሊ ሊትር ይፈሳል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው የመሸጫ ዋጋ ነጭ ናፍጣ በሊትር 90 ብር ከ28 ሳንቲም ነበር። በዚያ ሒሳብ የቀኑ ኪሳራ 390 ብር፣ የወሩ 11,700 ብር ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ዋጋው የጨመረ በመሆኑ ኪሳራውም አብሮ ጨምሯል። ብዙ ባለንብረት «ትንሽ ታንጠባጥባለች፣ ምንም አይደል» እያለ የሚያልፋት ጠብታ ይህች ናት።

ይህ የነዳጁ ብቻ ነው። መኪናው ቆሞ የሚያልፈው የኪራይ ቀን፣ ሳይጫን የቀረው ጭነት፣ ለሾፌርና ለረዳት የሚከፈለው አበል ሲደመር የናፍጣው ወጪ ከሁሉም ትንሹ ሆኖ ይገኛል።

በሌላ በኩል የመኪናው የራሱ ዋጋ አለ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ማስታወቁ ይታወሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዚህ ሁኔታ በእጅ ያለ አሮጌ ላንድክሩዘር በቀላሉ የሚተካ ንብረት አይደለም። የመለዋወጫውም ዋጋ ከዶላሩ ጋር ይወጣል። ስለዚህ ታንክ በአግባቡ መጠገን የማይቀር ሥራ ሆኗል።

ታንኩ ለምን ይበሳል?

በወገራና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ታንክ የሚበሳው በሦስት ዋና ምክንያቶች ነው።

አንደኛው በቀጥታ መመታት ነው። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባው መንገድ የጠጠር ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ጨነቅ 3,600 ሜትር ያልፋል፤ ከዚያ በቧሂት አድርጎ ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው መንገድ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል። በክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን ያፈጠዋል። ሰውና ዕቃ የተሸከመ መኪና ከኋላ ዝቅ ስለሚል፣ የፊት ጎማ የዘለለውን ድንጋይ ታንኩ ይቀበለዋል።

ሁለተኛው መፋተግ ነው። ታንኩን ከሥር የሚጠብቀው ላሜራ መከላከያ መልካም ነገር ቢሆንም፣ በመከላከያውና በታንኩ መካከል የገባች ጠጠር ግን ጠላት ናት። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጠጠሯ ላሜራውን እንደ ሞረድ ትበላዋለች። ጭቃ ሲጨመርበት እርጥበት ይዞ ዝገት ይጋብዛል። ታንኩን የሚያቅፉት የብረት ቀበቶዎች ሲላሉም ተመሳሳይ ጉዳት ይደርሳል። በዚህ ዓይነት የተበሳ ታንክ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል።

ሦስተኛው የብየዳ መስመር መሰንጠቅ ነው። የተሞላ 90 ሊትር ታንክ የያዘው ናፍጣ ብቻ 75 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ ክብደት በኮረኮንች መንገድ ቀኑን ሙሉ ሲንገጫገጭ የታንኩ መጋጠሚያ ይደክምና ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይፈጠራል። ስንጥቁ መኪናው ሲቆም ይደርቃል፤ ሲሄድ ያንጠባጥባል። ባለቤቱም ናፍጣው የት እንደሚገባ ሳያውቅ ከሾፌሩ ጋር ይጣላል። ሾፌር ሰርቋል ብሎ ከመክሰስ በፊት ከሥር ገብቶ ማየት ሳይሻል አይቀርም።

በመንገድ ላይ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ነገር መቆም ነው። ቀጥሎ ነዳጁ ምን እንደሆነ መለየት። ቤንዚን ከሆነ ሞተር ይጥፋ፣ ተሳፋሪ ይውረድና ራቅ ይበል፤ ሲጋራ፣ ክብሪትና የቡና ምድጃ በአካባቢው አይኑር። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪም ቢሆን የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣልና የሰሜን ብርድ ዋስትና አይሆንም። ናፍጣ ጊዜ ይሰጣል፤ ቢሆንም በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ሲፈስ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሁለተኛው ፍሳሹ ከየት እንደሆነ ማወቅ ነው። ታንክ ተበሳ ከተባለው መኪና መካከል ስንቱ የላላ የማፍሰሻ ቡሎን፣ የተሰነጠቀ ላስቲክ ቱቦ ወይም የተነቀለ የመሙያ አንገት ሆኖ ይገኛል። ቦታውን በጨርቅ አድርቆ አመድ ወይም ደቃቅ አቧራ መነስነስ ነው፤ መጀመሪያ የረጠበችው ነጥብ ቀዳዳዋ ናት። ከመኪና ሥር ሲገባ ግን በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት አይገባም። ትልልቅ ድንጋይ ወይም ትርፍ ጎማ ከሥር ይደረግ።

ሦስተኛው ያለውን ነዳጅ ማዳን ነው። ሃርድቶፕ የሚባለው ረጅሙ ላንድክሩዘር ባለ 90 ሊትር ሁለት ታንክ ይዞ የሚመጣ በመሆኑ ባለቤቱ ዕድለኛ ነው፤ ማዞሪያውን ወደ ጤነኛው ታንክ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። አንድ ታንክ ብቻ ያለው መኪና ደግሞ ናፍጣውን ወደ ጀሪካን መገልበጥ ይኖርበታል። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ቱቦ አስገብቶ በአፍ መሳብ። ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልሰው መሞከር አይገባም፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባልና በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። የእጅ ፓምፕ ያለው ቱቦ በመኪናው ውስጥ መኖሩ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ማደያዎች በጀሪካን እንዳይቀዱ በተደጋጋሚ በሚከለከልበት አገር፣ ከታንክ የዳነች እያንዳንዷ ሊትር መተኪያ የላትም።

አራተኛው ጊዜያዊ ልጥፍ ነው። ለዚህ የቆዩ ሾፌሮች የሚያውቁት መድኃኒት የልብስ ሳሙና ነው። ሳሙና በነዳጅ አይሟሟም። ቀዳዳው ላይ አጥብቆ ሲታሽ ገብቶ ይደፍናል። ውኃ ግን ያጥበዋልና ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ እንደገና ማየት ያሻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሻማና በሰም ነው፤ ሁለቱም ከነዳጅ ጋር ስለሚስማሙ ይለሰልሱና ይለቃሉ። ለትልቅ ቀዳዳ ከላስቲክ የተቆረጠ ክብ ያለው ጠፍጣፋ ራስ ቡሎን ማስገባት ይቻላል። የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭም ይሠራል፤ ሆኖም ከነዳጅ ጋር ሲቆይ ያብጣልና ከተማ ለመግባት እንጂ ለወር አይሆንም።

ከሁሉ የሚሻለው ሁለት ክፍል ሆኖ የሚሸጠው፣ ተቦክቶ እንደ ብረት የሚጠነክረው ማጣበቂያ ነው። ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ደርቆ ካልተለጠፈ ግን አይይዝም። በተራራው ብርድ ለመድረቅ ከተለመደው በላይ ጊዜ ይፈልጋል፤ በብብት ሥር ማሞቅና ከተለጠፈ በኋላ ታግሶ መቆየት ያስፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ልጥፍ ሁሉ ካልሆነ አንድ ዘዴ ይቀራል። በናፍጣ የተሞላ ጀሪካን ከፍ ብሎ በደንብ ይታሰርና የመምጠጫው ቱቦ ከታንኩ ተነቅሎ ወደ ጀሪካኑ ይገባል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን መላሽ ቱቦውን ነው። የናፍጣ ፖምፓ ከወሰደው ውስጥ የተረፈውን ወደ ታንክ ይመልሳል። መላሹ ቱቦ ወደ ጀሪካኑ ካልዞረ፣ የዳነው ናፍጣ ተመልሶ በተበሳው ታንክ በኩል መንገድ ላይ ይፈሳል። ይህ ዘዴ ለናፍጣ ብቻ ነው፤ ቤንዚን በዚህ መልክ መጫን ራስን በእሳት መጫወት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ውሳኔ የነጋዴ ውሳኔ ነው፤ መቀጠል ወይስ መመለስ? ከሳንቃበር በላይ ጋራዥ የለም። የተለጠፈ ታንክ ይዞ ወደ ቧሂት ከመውጣት ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት መመለስ የአንድ ቀን ገቢ ያሳጣል። አለመመለስ ደግሞ ሳምንት ሊያሳጣ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ አገር የቆመ መኪና መቼ እንደሚነሳ ባለቤቱ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም።

«ናፍጣ አይነድም» የሚሉ በያጆች

መኪናው ከተማ ገባ። ጋራዥ ተገኘ። የሰው ሕይወት የሚጠፋው ከዚህ በኋላ ነው።

በየከተማው ያለው በያጅ ሁለት አባባል ይወዳል፤ «ታንኩ ባዶ ነው» እና «ናፍጣ አይነድም»። ሁለቱም አደገኛ ናቸው። ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ የባሰ አስጊ ነው። ሙሉው ታንክ ውስጥ ለትነትና ለአየር የሚሆን ቦታ ትንሽ ነው፤ ባዶው ግን ትነትና አየር ተደባልቀው የሞሉበት ቦምብ ነው። በቤንዚን ረገድ አየሩ ውስጥ ከመቶ አንድ ተኩል እጅ ያህል ትነት ከኖረ ለመፈንዳት ይበቃል። ናፍጣም ቢሆን በተለመደው ሙቀት ባይቀጣጠልም፣ ከ55 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ የሚነድ ትነት ይሰጣል። የጋዝ ብየዳ ነበልባል ደግሞ ከ3,000 ዲግሪ በላይ ነው። በታንኩ መጋጠሚያ ውስጥ ተደብቃ የቀረች አንድ ማንኪያ ናፍጣ ሙቀቱ ሲደርስባት ተንና ታንኩን ትሞላዋለች።

ስለዚህ ባለንብረቱ አጠገቡ ቆሞ የሚከተሉትን ሊጠይቅ ይገባል።

ታንኩ ከመኪናው ይውረድ። መኪናው ላይ እንዳለ የሚበይድ ሰው ካለ መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ተቀድቶ፣ ተንሳፋፊው የነዳጅ መለኪያ ተነቅሎ፣ ክዳኑና ቀዳዳው ሁሉ ክፍት ይሁን።

በፈላ ውኃና በዱቄት ሳሙና ደጋግሞ ይታጠብ። አንድ ጊዜ ማለቅለቅ አይበቃም። በእንፋሎት ማጠብ የሚችል ካለ የተሻለ ነው።

ብየዳው ሲጀመር ታንኩ የሚበየደው ቦታ ብቻ ወደ ላይ እንዲቀር ተደርጎ በውኃ ይሞላ፤ አየሩም መውጫ ይኑረው። ውኃው ለትነት ቦታ አይተውም።

ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ በስታኞ መዝጋት ከብየዳ ይመረጣል። ሙቀቱ በጣም ያነሰ ስለሆነ ላሜራውንም አያሳሳም። ይህም ቢሆን ከተጠበ ታንክ ውጭ አይደረግም።

ሥራው ሲያልቅ በኮምፕሬሰር ኃይል መሞከር ሞኝነት ነው፤ ታንኩ ያብጣል ወይም ይቀደዳል። ውኃ ሞልቶ በደረቅ ካርቶን ላይ አሳድሮ ጠዋት ካርቶኑን ማየት ይበቃል። ከዚያ ውኃው ተንጠፍጥፎ ታንኩ በደንብ ይድረቅ። በናፍጣ ውስጥ የቀረ ውኃ የፖምፓና የኢንጀክተር ጠላት ነው።

ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ላንድክሩዘር 70 እና የቆዩት ላንድሮቨሮች ታንካቸው ብረት ሲሆን፣ አዳዲሶቹ ብዙ መኪናዎች ግን የፕላስቲክ ታንክ ይዘው ይመጣሉ። ፕላስቲክ ታንክ ላይ ነበልባል አይቀርብም፤ ጥገናው የራሱ መሣሪያና ባለሙያ ይፈልጋል። ዳባት ላይ ይህን ፍለጋ ቀን ከማባከን ጎንደር ይዞ መውረድ ይሻላል።

ታንኩ ተጠግኖ ከታሰረ በኋላም ሥራው አላበቃም። ታንኩ ባዶ እስኪሆን የሄደ የናፍጣ ሞተር አየር ይስባል፤ በእጅ ፓምፑ አየሩን ሳያስወጡ በተደጋጋሚ ማስነሳት ባትሪና ሞተሪኖ ያደክማል። በታንኩ ግርጌ የነበረው ዝቃጭም ተነስቷልና ፊልትሮው ይቀየር። የፊልትሮ ዋጋ ከኢንጀክተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

መጠገን፣ ያገለገለ መግዛት ወይስ ማሠራት?

ቀዳዳው አንድ ከሆነና በድንጋይ የመጣ ከሆነ መጠገን ያዋጣል። ቀዳዳው በዝገት የመጣ ከሆነ ግን ቀሪው ላሜራም ሄዷል ማለት ነው። በካቻቢቴ እጀታ ግርጌውን ሲያንኳኩት ድምፁ የሚደነቁር ወይም የሚሰረጉድ ቦታ ካለ፣ ዛሬ አንዱን ቢደፍኑ በወሩ ሌላው ይከፈታል። ለበያጅ ሦስት ጊዜ የሚከፈለው ሲደመር የአንድ ያገለገለ ታንክ ዋጋ ሊጠጋ ይችላል።

ያገለገለ ታንክ ፍለጋ የአማራ ክልል ባለመኪናም መጨረሻው አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ከደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ዕቃ የሚያዝ ሰው በስልክ «የላንድክሩዘር ታንክ» ብሎ ብቻ ማዘዝ የለበትም። አጭር ቤዝ፣ ረጅም ቤዝ፣ ፒክአፕ፣ የዋናው ታንክ ወይስ የሁለተኛው፣ የናፍጣ ወይስ የቤንዚን፤ ሁሉም ይለያያል። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የታንኩን ፎቶግራፍ፣ የቱቦዎቹን ብዛትና የማሰሪያ ቀዳዳዎቹን ርቀት በስልክ መላክ የአንድ ሳምንት ምልልስ ያድናል። ዕቃው ሲደርስ በመለኪያው ቀዳዳ በኩል በባትሪ መብራት ውስጡን ማየት፣ የቆየ ብየዳ ወይም በስቱኮና በቀለም የተሸፈነ ቦታ መኖሩን በማግኔት መፈተሽ ነው፤ ስቱኮ ማግኔት አይስብም። ካልገጠመ እንደሚመለስ አስቀድሞ መስማማትም አይረሳ።

ሦስተኛው አማራጭ ማሠራት ነው። በርካሽ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ሆኖም ሁለት ነገር ይጠየቅ። አንደኛ፣ የፋብሪካ ታንክ በውስጡ ነዳጁ እንዳይንገጫገጭ የሚከፋፍል ላሜራ አለው፤ በአገር ውስጥ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ባዶ ሣጥን ነው። ሣጥኑ በሰሜን መንገድ ላይ መጋጠሚያው ቶሎ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ አይዝግም ተብሎ ይመረጣል፤ ዚንክ ግን ከናፍጣ ጋር ተዋሕዶ ፊልትሮና ኢንጀክተር የሚደፍን ዝቃጭ ይፈጥራል። ያልተቀባ ጥቁር ላሜራ ይሻላል።

ለገዥና ለደላላ

በከተማው የመኪና ገበያ ገዥ ኮፈን ያስከፍታል፣ ሞተር ያስነሳል፣ ጭስ ያያል። ከሥር የሚገባው ጥቂት ነው። በተራራ አገር ያገለገለ መኪና ግን ታሪኩን የሚናገረው ከሥር ነው።

ሻጭ ሆን ብሎም ባይሆን መኪናውን የሚያመጣው በጥቂት ነዳጅ ነው። በታንኩ ጎን ያለ ቀዳዳ ደግሞ ታንኩ ካልተሞላ አይታይም። ስለዚህ ከክፍያ በፊት ታንኩ ይሞላ፤ ነዳጁን ገዥው ቢከፍል እንኳ አይከስርም። ጥቂት ኪሎ ሜትር ኮረኮንች መንገድ ይነዳና በንጹሕ ካርቶን ላይ ይደር። ጠዋት ካርቶኑ ይመሰክራል። አዲስ የተቀባ ጥቁር ቀለም፣ ከአቧራ ይልቅ ቅባት የያዘ ጭቃ፣ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ የሆነ የታንክ ቀበቶ፣ የተጣመመ መከላከያ ከታየ ዋጋ ላይ ለመነጋገር በቂ ምክንያት ነው።

ለደላላውም ይህ ጥቅም አለው። ጉድለቱ ተነግሮ፣ ከዋጋው ላይ ተቀንሶ የተሸጠ መኪና ተመልሶ አይመጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዥው የገዛውን ዕቃ እንዳገኘ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። አይቶ ሊያውቀው ይገባ የነበረውን ጉድለት ከወራት በኋላ ይዞ የሚመጣ ገዥ ክርክሩ ደካማ ይሆናል።

በኪራይም እንዲሁ ነው። እንበልና አንድ ነጋዴ ከጎንደር ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ ተከራይቶ ገብስ ሊያይ ወደ ዳባት ገጠር ገባ። ታንኩ ተበሳ። የጥገናው፣ የፈሰሰው ነዳጅና የቆመበት ቀን ኪራይ በማን ይሆናል? አብዛኛው የኪራይ ውል ቀንና ዋጋ ብቻ ይጽፋል። ባለመኪናው «አንተ ነህ ያስገባኸው» ይላል፤ ተከራዩ «ሾፌሩ ያንተ ነው» ይላል። ሁለት መስመር ቢጻፍ ጠቡ አይነሳም ነበር፤ መኪናው ከአስፋልት ውጭ እስከ የት እንደሚሄድ፣ ከሥር ለሚደርስ ጉዳት ማን እንደሚከፍል። ኢንሹራንስ አለኝ የሚልም ውሉን ያንብብ። ሕጉ ግዴታ ያደረገው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የራስን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ሽፋን ያለውም ቢሆን በድንገተኛ ግጭትና በእርጅና በመጣ ዝገት መካከል ልዩነት መደረጉ የተለመደ ነው። የተመታበትን ቦታ በዚያው ሰዓት ፎቶግራፍ ማንሳት ለኋላ ክርክር ይረዳል።

የአንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ትምህርት

በመጨረሻ ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፒንቶ የምትባል ርካሽ መኪና ያመርት ነበር። ከኋላ ስትገጭ ታንኳ ወደ ፊት ተገፍቶ ከዲፈረንሻሉ ጋር እየተጋጨ ይበሳና መኪናዋ ትቃጠል ነበር። ሰዎች ሞቱ፤ ኩባንያው በየፍርድ ቤቱ ተከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1978 ፎርድ 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን ለማስተካከል ጠራ። ማስተካከያው ምን ነበር? ዋናው ነገር በታንኩና በዲፈረንሻሉ መካከል የሚገባ የፕላስቲክ መከለያ ነበር። ያ ታላቅ ኩባንያ ስሙንና ገንዘቡን ያጣው አንዲት ቁራጭ መከለያ በጊዜዋ ባለመግባቷ ነው።

ለእኛም ያው ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት የታንኩን ቀበቶ ማጥበቅ፣ መከላከያውን አውርዶ ጭቃና ጠጠሩን ማጠብ፣ በቀበቶውና በታንኩ መካከል ያለውን ላስቲክ ማደስ፣ የክዳኑን መተንፈሻ ከአቧራ ማጽዳት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በመኪናው ውስጥ አንድ ሳሙና፣ አንድ ማጣበቂያ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት ቡሎን ከነላስቲኩ፣ አንድ የእጅ ፓምፕና ባዶ ጀሪካን ማስቀመጥ ብዙ ቦታ አይዝም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለድስት ነበር። ለታንክ ሲሆን ግን አባባሉ ቃል በቃል ነው። የሰሜን መንገድ ተጓዥ ሁሉ ደባርቅ ከመድረሱ በፊት ዳባት ላይ ቆም ብሎ ሻይ ሲጠጣ፣ ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ከሥር ይይ። ያቺ አንዲት ደቂቃ ወጪ የለባትም።